ለስርጭት ሚክሰሮች የሚሆን የኔትወርክ ድምፅ ራውቲንግ ምንድን ነው?

የኔትወርክ ድምፅ ራውቲንግ ማለት በአንድ ጣቢያ ውስጥ ያለን ማንኛውንም የድምፅ ምንጭ፣ ማይክሮፎን ይሁን ኮምፒውተር ወይም የስልክ መስመር፣ በኮምፒውተር ኔትወርክ አማካይነት ወደሚፈለገው ተቀባይ ማድረስ፣ ግንኙነቱንም ገመድ ሳይነቅሉ በሶፍትዌር መቀያየር ነው። ሚክሲንግ ድምፆችን በመጠን አመጣጥኖ ማዋሐድ ሲሆን ራውቲንግ ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ያለውን ጥያቄ ይመልሳል፦ የትኛው ድምፅ ወደ የትኛው ሚክሰር ይግባ? ከሚክሰሩ የወጣውስ ወደ ማሰራጫው፣ ወደ መቅረጫውና ወደ እንግዳው ማዳመጫ እንዴት ይድረስ?

ሀዋሳ ውስጥ ሁለት የቀጥታ ስርጭት ስቱዲዮዎች፣ አንድ የዜና ክፍልና አንድ የቀረፃ ክፍል ያሉትን መካከለኛ የሬዲዮ ጣቢያ እንውሰድ። በቀድሞው አሠራር የዜና ክፍሉ ማይክሮፎን በሁለቱም ስቱዲዮዎች እንዲሰማ ከተፈለገ፣ ድምፁን የሚያባዛ መሣሪያ ይገዛል፤ ከእያንዳንዱ መውጫም ለየብቻው የመዳብ ገመድ ተዘርግቶ በመሣሪያ ክፍሉ ፓች ፓኔል (ገመዶች በሚገናኙበት ሰሌዳ) ላይ ይበየዳል። የገመዱ ብዛት የሚያድገው በክፍሎቹ ቁጥር ሳይሆን በክፍሎቹ መካከል በሚፈለጉት ግንኙነቶች ቁጥር ስለሆነ፣ ጣቢያው ጥቂት ዓመታት እንደሠራ የትኛው ገመድ ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቀው አንድ ነባር ቴክኒሻን ብቻ ይሆናል። በኔትወርኩ አሠራር ግን ድምፁ ወደ ቁጥር የሚለወጠው እዚያው ማይክሮፎኑ አጠገብ በተቀመጠ ኖድ በሚባል የመግቢያና መውጫ ሳጥን ነው፤ ከኖዱ ወደ ስዊቹ፣ ማለትም የኔትወርክ ገመዶችን ወደሚያገናኘው መሣሪያ፣ የሚሄደው አንድ የኔትወርክ ገመድም የክፍሉን ድምፅ ሁሉ ወዲያና ወዲህ ይሸከማል። የመዳብ የኔትወርክ ገመድ ከ100 ሜትር በላይ መዘርጋት ስለሌለበት፣ ከዚያ ለሚርቅ ሕንፃ ፋይበር ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያደናግር ነገር አለ። ኦፕሬተሩ ፊት ለፊት የተዘረጋው፣ ፌደሮችና (የድምፅ መጠን የሚቆጣጠሩ ተንሸራታቾች) መብራቶች የተደረደሩበት ገጽ በአብዛኞቹ የዚህ ዓይነት ሚክሰሮች ላይ ድምፅ አያልፍበትም። ድምፁን የሚያዋሕደው ኤንጂን የሚባለው ሌላ መሣሪያ ሲሆን፣ ፌደሩ ሲገፋ ወደ ኤንጂኑ የሚሄደው ትእዛዝ ብቻ ነው። ስለዚህ የዜና ክፍሉ ማይክሮፎን በአምስተኛው ፌደር ላይ ይምጣ ሲባል፣ የሚደረገው ኤንጂኑ የዚያን ኖድ ድምፅ ከኔትወርኩ እንዲቀበል ማዘዝ ነው። ለአነስተኛ ጣቢያዎች የሚሸጡ አንዳንድ ሞዴሎች ኤንጂኑን፣ ኖዱንና ስዊቹን በአንድ ሳጥን ያጠቃልላሉ፤ አሠራሩ ግን ያው ነው።

ድምፁ በኔትወርኩ ላይ የሚጓዝበትን መልክ ለመረዳት ኤኢኤስ 67 የተባለውን መስፈርት ማየት ይበቃል። በዚህ መስፈርት ድምፁ በሰከንድ 48,000 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱ ልኬት በ24 ቢት ሲጻፍ፣ በ1 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ የተሰበሰቡት 48 ልኬቶች በአንድ ፓኬት ታሽገው ይላካሉ። ስቴሪዮ ድምፅ ከሆነ አንዱ ፓኬት 288 ባይት ድምፅ ይይዛል፤ በየሰከንዱ 1,000 ፓኬቶች ስለሚወጡም የአድራሻው መጠቅለያ ሲታከልበት ወደ 3 ሜጋቢት በሰከንድ ይጠጋል። የ1 ጊጋቢት መስመር እንዲህ ያሉ ድምፆችን በመቶዎች መሸከም ስለሚችል መጠኑ የሚያሳስብ አይደለም። የሚያሳስበው ጊዜው ነው። ኢሜይል በግማሽ ሰከንድ ቢዘገይ ማንም ልብ አይለውም፤ የድምፅ ፓኬት ግን ተራው ካለፈ በኋላ ቢደርስ እንዳልደረሰ ይቆጠራል፤ እንደገና ይላክልኝ ብሎ ለመጠየቅም ጊዜ የለም።

ራውቲንጉ በብዛት የሚከናወነው መልቲካስት በሚባለው የኔትወርክ ዘዴ ሲሆን፣ ይህም ከኤፍ ኤም ስርጭት ጋር ይመሳሰላል። ምንጩ ድምፁን ወደ አንድ የቡድን አድራሻ ይለቃል እንጂ ማን እንደሚከታተለው አያውቅም፤ የፈለገ ተቀባይ አድራሻውን መርጦ ይቀበላል፤ ተቀባይ በመጨመሩም በምንጩ ላይ የሚደርስ ጫና የለም። ከኤፍ ኤም የሚለየው ስዊቹ ድምፁን ለጠየቁት መውጫዎች ብቻ ማድረስ ያለበት መሆኑ ነው። ይህን የሚያደርገው አይጂኤምፒ ስኑፒንግ በተባለው ተግባር የተቀባዮቹን ጥያቄ እያዳመጠ ነው፤ ተግባሩ ካልበራ እያንዳንዱ ድምፅ ወደ ሁሉም መውጫ ስለሚረጭ፣ 100 ሜጋቢት ብቻ የሚችል አሮጌ ኖድ በማይመለከተው ድምፅ ይጥለቀለቃል። ስኑፒንጉ ብቻውን ግን አይበቃም። ተቀባዮቹን አሁንም የምትከታተሉት የትኛውን ነው እያለ በየጊዜው የሚጠይቅ አንድ መሣሪያ፣ ማለትም ኳሪየር፣ በኔትወርኩ ላይ መኖር አለበት። እሱ ከሌለ ስዊቹ የያዘውን ዝርዝር በተለመደው አሠራር ከ260 ሰከንድ በኋላ ይሰርዘዋል። በፍተሻ ጊዜ አምሮ የሠራ ድምፅ አራት ደቂቃ አለፍ ብሎ ዝም ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው።

ራውቲንግ የምንጩ ሳይሆን የተቀባዩ ውሳኔ መሆኑ ከዚህ ይከተላል። የአውስትራሊያው ኩባንያ ኦዲኔት ባወጣው ዳንቴ በተባለው ሥርዓት፣ አንድ ተቀባይ የየትኛውን መሣሪያ የትኛውን ቻናል እንደሚቀበል ራሱ በውስጡ መዝግቦ ይይዛል፤ ግንኙነቱን ለማዘዝ ያገለገለው ኮምፒውተር ቢጠፋም ድምፁ አይቋረጥም። ዳንቴ ሌላ ትእዛዝ ካልተሰጠው ለእያንዳንዱ ተቀባይ በተናጠል የሚልክ ሲሆን፣ ተቀባዮች ሲበዙ ግን ቴክኒሻኑ ወደ መልቲካስት ሊለውጠው ይችላል። የምዝገባው ቁልፍ ስም ነው። የተበላሸ ኖድ በአዲስ ተተክቶ የድሮው ስም ቢሰጠው ተቀባዮቹ መልሰው ያገኙታል፤ አንድ ቅን ሠራተኛ ስሙን ለማሳመር ቢቀይረው ግን ድምፁ ወዲያው ይጠፋል። የስርጭት መሣሪያ አምራቹ አክሲያ በ2003 ይዞት የመጣው ላይቭዋየር የተባለው ሥርዓት ደግሞ ለእያንዳንዱ ምንጭ ከ1 እስከ 32767 ያለ ቁጥር ይሰጣል፤ የመልቲካስት አድራሻውም ከዚያ ቁጥር ይወጣል። ቻናል 101 በ239.192.0.101 ላይ ይገኛል። ሁለት ኖዶች አንድ ቁጥር ከያዙ ሁለቱም በአንድ አድራሻ ስለሚልኩ ድምፁ የተቆራረጠና የተደበላለቀ ይሆናል።

በእኔ አስተያየት የስሞቹና የቁጥሮቹ ዝርዝር ከመሣሪያው ግዢ መቅደም አለበት። ሀዋሳ ላይ ይህ ተጨማሪ ክብደት አለው፤ ምክንያቱም እዚህ አንድ ጣቢያ በሲዳምኛ፣ በአማርኛና በሌሎች የአካባቢው ቋንቋዎች በፈረቃ ሊያሰራጭ፣ አንዱ ስቱዲዮም በቀን ውስጥ ሦስትና አራት ቡድን ሊያስተናግድ ይችላል። ምንጩ በጋዜጠኛው ወይም በፕሮግራሙ ስም ከተጠራ ዝርዝሩ በየወሩ ይፋለሳል፤ በክፍሉና በቦታው ከተጠራ ግን፣ ለምሳሌ «ስቱዲዮ 1 እንግዳ 2»፣ ሰው ቢቀያየርም ይጸናል። ቁጥሩንም በክፍል መመደብ ይጠቅማል። ስቱዲዮ 1 ከ101፣ ስቱዲዮ 2 ከ201፣ ዜና ክፍል ከ301 ጀምሮ ቢይዝ፣ ቁጥሩን ያየ ሁሉ ድምፁ ከየት እንደመጣ ያውቃል። በቋንቋዎቹ መካከል የሚለዋወጠው የፌደሮቹ አሰላለፍ ነው፤ እሱም ለየቡድኑ በሚክሰሩ ማኅደረ ትውስታ ውስጥ ተቀምጦ ፈረቃ ሲቀየር በአንድ ቁልፍ ይጠራል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚሻው አንድ ነገር አለ፦ የተቀመጠው አሰላለፍ ሲጠራ በዚያች ቅጽበት አየር ላይ ያለውን ፌደር እንዳይነካ ሆኖ መዘጋጀት አለበት።

ከአድራሻው ቀጥሎ ዋናው ጉዳይ ሰዓት ነው። ሁለት መሣሪያዎች እያንዳንዳቸው ሰዓታቸውን በሚመታው በራሳቸው ክሪስታል 48,000 ጊዜ ቢቆጥሩ በእርግጥ እኩል አይቆጥሩም፤ ልዩነቱ ሲጠራቀም ተቀባዩ አንዳንዴ ልኬት ይተርፈዋል፣ አንዳንዴ ይጎድለዋል፣ አድማጩም በየተወሰነ ጊዜ ጠቅታ ይሰማል። ስለዚህ ሁሉም ፒቲፒ በተባለው፣ በኔትወርክ ላይ ሰዓትን በሚያመሳስለው ደንብ አማካይነት አንዱን መሪ ሰዓት ይከተላሉ። መሪው የሚመረጠው መሣሪያዎቹ እርስ በርሳቸው በሚለዋወጡት የቅድሚያ ቁጥር ሲሆን ትንሹ ቁጥር ያሸንፋል። ምርጫው ለመሣሪያዎቹ ከተተወ፣ መብራት ጠፍቶ በተመለሰ ቁጥር መጀመሪያ የተነሣው መሪ ይሆናል፤ ዘግይቶ የተነሣው የተሻለ ሰዓት ደግሞ በስርጭቱ መካከል ሥልጣኑን ይረከባል፤ በርክክቡ ወቅትም ድምፁ ሊንተባተብ ይችላል። ስለዚህ መሪውና ተጠባባቂው በግልጽ ተሰይመው፣ እነሱና ስዊቹ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ በሚያቆይ ዩፒኤስ ላይ መሆን አለባቸው። ጣቢያዎች ዩፒኤሱን ለኮምፒውተሮቹ ሰጥተው ስዊቹን በተራ ሶኬት ላይ ሲተዉ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም፤ ከዚህ የከፋ የቅድሚያ አሰጣጥ ግን የለም።

ኤኢኤስ 67 በ2013 የወጣው ዳንቴ፣ ላይቭዋየርና ራቬና የተባለው ሌላ ሥርዓት የየራሳቸውን ቋንቋ ሲናገሩ የነበሩበትን ሁኔታ ለማለዘብ ነው። በ2017 የወጣው ለቴሌቪዥን የሚያገለግለው የኤስኤምፒቲኢ 2110 የድምፅ ክፍልም በእሱ ላይ የተመሠረተ ነው። ይሁንና መስፈርቱ ድምፁ እንዴት እንደሚጓዝ ይደነግጋል እንጂ መሣሪያዎቹ እንዴት እንደሚተዋወቁና እንዴት እንደሚታዘዙ አይደነግግም። በዚህም የተነሣ የአንዱ ድርጅት ሚክሰር የሌላውን ድርጅት ድምፅ እንዲቀበል አንዳንድ ጊዜ የድምፁን መግለጫ ፋይል በእጅ ማስገባት ያስፈልጋል። የሰዓቱም ነገር አለ። ዳንቴ በመሠረቱ የሚከተለው የ2002ቱን የፒቲፒ ስሪት ሲሆን፣ ኤኢኤስ 67 ደግሞ የ2008ቱን ይፈልጋል፤ ሁለቱ የሚገናኙት የኤኢኤስ 67 ሁነታ በበራለት የዳንቴ መሣሪያ በኩል ነው። ስዊቹ ለፓኬቶች ቅድሚያ የሚሰጥበት መለያም ይጋጫል፦ 46 ቁጥር በኤኢኤስ 67 የሰዓት ምልክት ሲሆን በዳንቴ ግን የድምፅ ነው። ሁለቱን የሚያደባልቅ ጣቢያ የስዊቹን ወረፋዎች ይህን አውቆ ማስተካከል አለበት። ምርጫ ላለው ግን የምመክረው በአንዱ ሥርዓት ጸንቶ፣ ኤኢኤስ 67ን ለጥቂት መሸጋገሪያዎች ብቻ መጠቀምን ነው።

ከስልክ ጋር የተያያዘው ራውቲንግ ለብቻው ሊነሣ ይገባዋል። ደዋዩ አድማጭ የፕሮግራሙን ሙሉ ድምፅ ከነራሱ ድምፅ ጭምር ቢላክለት፣ የገዛ ንግግሩ ዘግይቶ በጆሮው ስለሚመለስበት መናገር ያቅተዋል፤ ድምፁ ዞሮ ወደ ሚክሰሩ ከገባም ያስተጋባል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ደዋይ ከእሱ በቀር ሁሉም ድምፅ ያለበት የተለየ ቅልቅል ይዘጋጃል፤ ሚክስ ማይነስ የሚባለው ይህ ነው። በድሮው ሚክሰር ይህ በእጅ የሚሠራና ሁለት ደዋዮች ሲመጡ የሚያስጨንቅ ነበር። በኔትወርክ ሚክሰሮች ግን ምንጩ ሲመዘገብ ዓይነቱ ስልክ ነው ተብሎ ከተጻፈ፣ በየትኛውም ፌደር ላይ ቢጠራ የመመለሻው ቅልቅል አብሮት ይመጣል። ማይክሮፎን ነው ተብሎ የተመዘገበም እንዲሁ፣ ፌደሩ ሲከፈት የክፍሉን ድምፅ ማጉያ ዝም ያሰኛል፣ ቀዩንም መብራት ያበራል። ምንጭን መመዝገብ ከድምፅ ባሻገር ባሕርዩንም መመዝገብ ነው የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

የዕለት ተዕለት አስተዳደሩ በአብዛኛው መከልከል ነው። የድምፁ ኔትወርክ ከቢሮው ኔትወርክ ተለይቶ፣ ቢቻል በራሱ ስዊች፣ ካልተቻለ በራሱ ቪላን (በአንድ ስዊች ውስጥ በቅንብር በተለየ ኔትወርክ) ላይ ይሁን፤ ዋይፋይ አይግባበት። ኃይል ለመቆጠብ መውጫዎችን የሚያስተኛው የስዊቹ ተግባር የሰዓቱን ፓኬቶች ስለሚያዘገይ ይጥፋ። ራውቲንግ የመቀየር ፈቃድ በይለፍ ቃል ይገደብ፤ የስዊቹና የኖዶቹ ቅንብር ከለውጥ ሁሉ በኋላ በፋይል ተቀድቶ ከጣቢያው ውጭም ይቀመጥ። በማዳመጫ የራሱን ድምፅ የሚሰማ አቅራቢ፣ ድምፁ ወደ ኤንጂኑ ሄዶ ስለሚመለስ የ1 ሚሊ ሰከንድ ፓኬት ሲሆን በእያንዳንዱ ጉዞ ከ1 ሚሊ ሰከንድ በላይ መዘግየት ይከፍላል፤ ድምሩ ወደ 10 ሚሊ ሰከንድ ሲጠጋ ብዙዎች ይረበሻሉ። መዘግየቱን ከመጠን በላይ መቀነስም ለፓኬቶቹ ፋታ ስለሚያሳጣ ጠቅታ ያመጣል።

ከግቢው ውጭ ግን ሕጉ ሌላ ነው። የፍቼ ጫምባላላ በዓል ከጉዱማሌ በቀጥታ ሲተላለፍ፣ የኤኢኤስ 67 ድምፅ በተራ ኢንተርኔት ወይም በሞባይል ዳታ ወደ ስቱዲዮ አይመጣም፤ ሰዓቱም መልቲካስቱም በዚያ መንገድ አይሻገሩም። የሚያገለግለው እንደ ኦፐስ ባለ ዘዴ ድምፁን አጭቆ የሚልክ ኮዴክ ነው። ስቱዲዮ ያለው ኮዴክ ድምፁን ፈትቶ፣ ከጣቢያው መሪ ሰዓት ጋር አጣጥሞ እንደ ማንኛውም ምንጭ በስምና በቁጥር ወደ ኔትወርኩ ያስገባዋል። ዓይነቱም እንደ ስልክ ይመዘገባል፤ ምክንያቱም በሜዳው ላይ ያለው ጋዜጠኛ የኮዴኩ መዘግየት ከፍ ያለ በመሆኑ ከማንም በላይ የራሱ ድምፅ የሌለበትን ቅልቅል ይፈልጋል። የመመለሻው መስመር የሚፈተነው ጋዜጠኛው በማዳመጫው የስቱዲዮውን አቅራቢ እየሰማ ራሱን እንደማይሰማ በአፉ ሲያረጋግጥ ነው፤ የሚክሰሩ መለኪያ መብራቶች ይህን አያሳዩም።