መጽሐፉ ቢጠፋ ስሙ አይጥፋ፦ ስለ ብሔራዊ ቢብሊዮግራፊ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ብሔራዊ ቢብሊዮግራፊ የአንድን አገር ሕትመቶች በደራሲ፣ በርዕስ፣ በዓመትና በማተሚያ ቤት ለይቶ የሚመዘግብ ዝርዝር ነው። እኛ ዘንድ ስሙ ብዙም አይነሣም። ሲነሣም ከሌላ ነገር ጋር ይምታታል። ደጋግመው ከሚያጋጥሙኝ አስተያየቶች ጥቂቱን ላንሣ።

«ያው የቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ነው»

አይደለም። ካታሎግ መደርደሪያው ላይ ያለውን ይነግረናል። ቢብሊዮግራፊ የሚነግረን የታተመውን ነው፤ ዛሬ አንድም ቅጂ ባይገኝ እንኳ።

ጥቅሙ የሚታየው ክፉ ቀን ሲመጣ ነው። ካሮል ኤስትራይኸር የተባሉ የክራኮው ምሁር እ.ኤ.አ. ከ1870 ጀምሮ የፖላንድን ሕትመቶች የሚዘረዝር ግዙፍ መዝገብ ማሳተም ጀመሩ። ያኔ ፖላንድ የሚባል ነጻ መንግሥት አልነበረም፤ አገሪቱን ሦስት ኃያላን ተቀራምተዋት ነበር። ሰውየው ግን መንግሥት እስኪመጣ አልጠበቁም። እ.ኤ.አ. በ1944 የናዚ ጦር ዋርሶ ውስጥ የክራሺንስኪን ቤተ መጻሕፍት አቃጠለ። የኤስትራይኸር መዝገብ ባይኖር ኖሮ ከጠፉት ብዙዎቹ መታተማቸውን እንኳ ማንም አያውቅም ነበር።

በእኛም አገር ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙ የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍትን ዝርዝር አሳትመዋል። ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር የተቋቋመው በ1936 ዓ.ም. ነው። ከዚያ 32 ዓመት ቀድመው ማለት ነው።

«ቅርስ ማለት ብራና ነው»

ከሁሉም በላይ የሚጎዳን ይሄ ይመስለኛል። ብራናው መከበሩ ተገቢ ነው። ነገር ግን በደንብ የተያዘ ብራና ለብዙ መቶ ዓመታት ይቆያል። የጋዜጣ ወረቀት ግን ውስጡ አሲድ ስላለ በጥቂት አሥርት ዓመታት ቢጫ ይሆናል፣ ሲነኩት ይፈረፈራል። ብራናውን የሚጠብቀው ገዳም አለ። የድሮውን መጽሔት ግን ባለቤቱ ራሱ ለሱቅ መጠቅለያ ይሸጠዋል። ስለዚህ በ1960ዎቹ የወጣ መጽሔት ከጥንቱ ብራና ይልቅ አደጋ ላይ ሊሆን ይችላል።

ደግሞ «ቁም ነገር ያለው ብቻ ይመዝገብ» የሚሉ አሉ። ቢብሊዮግራፊ ሽልማት አይደለም። የመማሪያ መጽሐፉም፣ የምግብ አሠራሩም፣ ስስ የግጥም መድበሉም ይገባል።

«አገር ውስጥ የታተመው ብቻ ይበቃል»

ይህን ብንከተል የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ከዝርዝሩ ይወጣል። የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሥራ በ1900 ዓ.ም. የታተመው ሮም ነው። አናሲሞስ ነሲብ በግዕዝ ፊደል ያዘጋጁት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስም እ.ኤ.አ. በ1899 የታተመው ስዊዘርላንድ ነው። ዛሬም ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ተቀምጦ በአማርኛ የሚያሳትም ብዙ ነው። ያ መጽሐፍ ለሚኖርበት አገርም ለእኛም ታሪክ ነው፣ ሁለቱም ቢመዘግቡት ምን ክፋት አለው?

ሌሎች የእኛን መዝግበዋልኮ። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ናይሮቢ ባለው ቢሮው በኩል የኢትዮጵያን ጨምሮ የምሥራቅ አፍሪካን ሕትመቶች ይሰበስባል፤ ዝርዝራቸውንም ሲያሳትም ኖሯል።

«አይ.ኤስ.ቢ.ኤን. ካለው ተመዝግቧል»

አይ.ኤስ.ቢ.ኤን. ለመጽሐፍ የሚሰጥ ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር ነው። በ99944 የሚለየው የኢትዮጵያ ቁጥር መጽሐፉ ለመታተሙም ሆነ ቅጂው ወመዘክር ለመግባቱ ማስረጃ አይሆንም። ቁጥሩ ከመምጣቱ በፊት የታተሙትስ?

«ስምና ርዕስ መጻፍ ማንም ይችላል»

እስቲ የሀዲስ አለማየሁን ስም እንውሰድ። አንዱ «ሀዲስ» ይላል፣ ሌላው «ሐዲስ»፣ ሦስተኛው «አዲስ»። «አለማየሁ»ም «ዓለማየሁ» ተብሎ ይጻፋል። እኛ አንድ ሰው መሆናቸውን እናውቃለን፤ ኮምፒውተሩ ካልተነገረው አያውቅም። አንዳንድ የውጭ አገር መዝገብ ደግሞ የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ቆጥሮ ያስቀድማል። በደራሲው ስም የሚፈልግ አንባቢ ባዶ እጁን ይመለሳል።

ከዚህ የባሰው የዘመን ነገር ነው። በ1968 ዓ.ም. የታተመ የአብዮት መጽሐፍ አለ እንበል። መዝጋቢው ቁጥሩን እንዳለ ወስዶ የፈረንጅ ዓመት ካደረገው፣ መጽሐፉ ንጉሡ ገና ዙፋን ላይ ሳሉ የወጣ ይመስላል። ተመራማሪው በዚያ ላይ ተነሥቶ «አብዮቱ ሳይፈነዳ እንዲህ ተጽፎ ነበር» ብሎ ይከራከራል። አንዲት ቁጥር ታሪክ ታዛባለች። ይህን የሚያርመው ቋንቋውንም ዘመን አቆጣጠሩንም የሚያውቅ ባለሙያ ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ሊከበርና ሊከፈለው ይገባል።

«አሁን ሁሉም ቴሌግራም ላይ አለ»

ብዙ መጽሐፍ በፒዲኤፍ መገኘቱ ደስ ይላል፤ የመብቱ ጉዳይ ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው። ግን ፋይሉን ስትከፍቱት ብዙ ጊዜ የፊት ገጹ የለም። ስንተኛ ዕትም እንደሆነ፣ የት እንደታተመ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደወጣ አይታወቅም። ቻናሉ ሲዘጋ ፋይሉም አብሮ ይሄዳል። የቤተሰባችሁን የድሮ መጽሐፍ ስካን የምታደርጉ ከሆነ ከሽፋኑና ከርዕሱ ገጽ ጀምሩ። ከርዕሱ ገጽ ጀርባ ያለውንም አትዝለሉ፤ ማተሚያ ቤቱና ዓመቱ ብዙውን ጊዜ የሚገኙት እዚያ ነው። የመጨረሻውንም ገጽ አንሡ፤ አንዳንድ የድሮ መጻሕፍት የታተሙበትን ቀን እዚያ ያስቀምጣሉ።