"ከሃርቫርድ ፕሮፌሰር የስልክ ማውጫው ይሻለኛል" ምን ማለት ነው? ማንስ አለው?

እኛ "የተማረ ይግደለኝ" እየተባለ ስላደግን ይሄ የአሜሪካኖች አባባል መጀመሪያ ሲሰማ ግራ ነው ሚያጋባው። ሙሉው ሲነገር እንዲህ ነው፦ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ 2,000 መምህራን ከሚያስተዳድሩኝ የቦስተን ስልክ ማውጫ ላይ መጀመሪያ የተጻፉት 2,000 ሰዎች ቢያስተዳድሩኝ እመርጣለሁ። ቁጥሩን 200 ወይ 400 ሚያደርጉትም አሉ፣ ሀሳቡ ያው ነው።

የስልክ ማውጫ አይታችሁ ለማታውቁ ልጆች፣ ድሮ የቤት ስልክ ያለው ሰው ሁሉ ስሙ በፊደል ተራ ሚታተምበት ወፍራም መጽሐፍ ነበር። እዛ ለመግባት ዲግሪ ምናምን አያስፈልግም፣ መጀመሪያው ገጽ ላይ ለመገኘት ደሞ የአባትህ ስም በ"ኤ" መጀመሩ ይበቃል። ስለዚህ ሰውየው ያለው፣ ሳትመርጥ እጅህ የገባውን ሰው ዝገን፣ ነርሷም ባለሱቁም ታክሲ ነጂውም ይኑርበት፣ እነሱ ይግዙኝ ነው። ሃርቫርድ ደሞ ከቦስተን ወንዝ ማዶ ካምብሪጅ ላይ ስለሆነ ያነጻጸረው ጎረቤትን ከጎረቤት ነው።

ተናጋሪው ዊልያም ባክሊ ይባላል (ዓመተ ምህረቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ነው የጻፍኳቸው)፣ በ1955 ናሽናል ሪቪው የሚባለውን የወግ አጥባቂዎች መጽሔት የመሰረተ ሰው ነው። ያልተማረ እንዳይመስላችሁ፣ የነዳጅ ከበርቴ ልጅ፣ በ1950 ከዬል ተመርቆ በዓመቱ ያስተማረውን ዩኒቨርሲቲ የሚወቅስ መጽሐፍ ያወጣ፣ ቲቪ ላይ ሲከራከር ለአሜሪካኖቹ ራሱ እንግሊዝኛው ሚከብዳቸው። ቀልድም ያውቃል፣ በ1965 ለኒውዮርክ ከንቲባነት ሲወዳደር ካሸነፍክ መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ ቢሉት ድምጹ ድጋሚ ይቆጠር እላለሁ ነው ያለው።

አባባሉ የመጣው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው፣ ጊዜው ዋናው ነገር ነው። ኬኔዲ ራሱ የሃርቫርድ ልጅ ነው፣ በ1961 ስልጣን ሲይዝ ምሁራኑን ይዞ ነው ዋይት ሀውስ የገባው፤ የሃርቫርዱ ዲን ማክጆርጅ በንዲ የብሔራዊ ደህንነት አማካሪ፣ የታሪክ ፕሮፌሰሩ ሽሌሲንጀር ልዩ ረዳት፣ ኢኮኖሚስቱ ጋልብሬዝ የህንድ አምባሳደር ሆኑ። ምክትሉ ጆንሰን በነዚህ ሰዎች ጭንቅላት ተደንቆ ለቴክሳሱ አንጋፋ ፖለቲከኛ ለሳም ሬይበርን ሲያወራለት ሬይበርን "እንዳልከው ሊሆን ይችላል፣ ግን ከነሱ ውስጥ አንዱ እንኳ አንዴ ለሸሪፍነት (በህዝብ ምርጫ ለሚያዝ የአካባቢ ፖሊስ አዛዥነት) ተወዳድሮ ቢያውቅ ደስ ይለኝ ነበር" አለው ይባላል። ከባክሊው እኩል እወደዋለሁ፣ እንዲያውም ይበልጣል ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም ጉድለቱ ምን እንደሆነ ይናገራል፣ ሰው ፊት ቆመህ ምረጡኝ ብለህ አታውቅም ነው ሚለው።

ባክሊ ግን ምክንያቱን ተናግሯል፣ አባባሉን ሚደጋግሙት ሰዎች ናቸው ቆርጠው ሚጥሉት። እውቀታቸውን ንቄ አይደለም፣ ሚያስፈራኝ የምሁር ትዕቢት ነው ብሏል። ስለዚህ "መማር ምን ያረጋል" ለማለት ሚጠቅሱት ሰዎች ተሳስተዋል፣ ሰውየው ያለው አዋቂ አይኑር ሳይሆን አዋቂ ነኝ ብሎ ብቻውን አይዘዘኝ ነው።

ከዛ ቬትናም መጣ። እነ በንዲ ያን ሁሉ እውቀት ይዘው አገሪቱን ጦርነት ውስጥ ዘፈቋት፣ እስከዛሬም አባባሉን ሚወዱ ሰዎች ማስረጃ ብለው ሚያመጡት ይሄን ነው። ሚገርመው ግን ባክሊ ራሱ የጦርነቱ ደጋፊ ነበር፣ ቬትናም ውስጥ አትግባ እያለ ለኬኔዲ ሲጽፍ የነበረው ደሞ የሃርቫርዱ ጋልብሬዝ! ሁለቱ በፖለቲካ እሳትና ውሃ ሆነው ስዊዘርላንድ አብረው በረዶ ላይ ሚንሸራተቱ ጓደኛሞች ነበሩ።

እኔን ሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው። ተራው ሰው ይግዛኝ ያለው ባክሊ በ1957 መጽሔቱ ላይ በደቡብ ስቴቶች ነጮቹ በቁጥር ባነሱበት ቦታም ቢሆን የበላይ ሆነው የመቀጠል መብት አላቸው፣ ለጊዜው የሰለጠኑት እነሱ ናቸውና የሚል ርዕሰ አንቀጽ አውጥቷል። እንግዲህ የቦስተን ማውጫ ሲሆን እምነት አለው፣ ሚሲሲፒ ያለው ጥቁር ገበሬ ድምጽ ልስጥ ሲል ግን ቆይ መጀመሪያ ሰልጥን ነው መልሱ፣ ይሄ ደሞ ከምሁር ትዕቢት በምን ይለያል? በ2004 ለታይም መጽሔት ሲናገር ነገሩ በራሱ ጊዜ ይስተካከላል ብዬ ነበር፣ ተሳስቻለሁ፣ የፌደራል መንግስቱ ጣልቃ መግባት ነበረበት ብሎ አምኗል። ያ ጣልቃ መግባት የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ህግ ነው፣ አንድ የአትላንታ ሆቴል ጥቁር እንግዳ አላስተናግድም ብሎ ህጉን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሲከስ በመንግስት በኩል ቆሞ ተከራክሮ የረታው አርቺባልድ ኮክስ ነው፣ የሃርቫርድ የህግ ፕሮፌሰር።