ኤልፒቲ1 ምንድን ነው? የድሮ ዳታቤዝ ሊኑክስ ላይ ፕሪንት አላደርግም የሚለውስ ለምንድን ነው?

ፎክስፕሮ፣ ክሊፐር ወይም ዲቤዝ ላይ የተሠራ የድሮ ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ ማስነሳት ያን ያህል አያስቸግርም። ዶስኢሙ ወይም ዶስቦክስ (ዶስ የሚባለውን የድሮ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሊኑክስ ላይ የሚያስመስሉ ኢሙሌተሮች) ትጭናላችሁ፣ ፎልደሩን ትገለብጣላችሁ፣ ሜኑው ከች ይላል። መዝገቡ ይከፈታል፣ ፍለጋው ይሠራል፣ ሁሉም ሰላም። ከዚያ አንዱ ሪፖርት ለማውጣት ይሞክርና ፕሪንተሩ ጭጭ። ወይም ይባስ ብሎ ዝባዝንኬ የሞላበት ወረቀት ይተፋል። ሰው ወዲያው የሚሮጠው ድራይቨር ፍለጋ ነው፤ ድራይቨሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ የለበትም። ከዚያ በፊት ኤልፒቲ1ን ማወቅ ይሻላል።

ኤልፒቲ1 ዶስ ለመጀመሪያው ፓራለል ፖርት የሰጠው ስም ነው። ድሮ ከኮምፒውተሩ ጀርባ የነበረው፣ ባለ 25 ቀዳዳው ሰፊ መሰኪያ። ልብ በሉ፣ የፕሪንተር ስም አይደለም፣ የመሰኪያው ስም ነው። ከወዲያ በኩል ምን እንደተሰካ ዶስ አያውቅም፣ ፕሮግራሙም አይጠይቅም። ዛሬ እንደለመድነው ለሁሉም ፕሮግራም የሚያገለግል አንድ የጋራ ድራይቨር የሚባል ነገር ዶስ ላይ አልነበረም፤ ፕሮግራሙ ያለውን ባይት ሁሉ ወደዚያ መሰኪያ ያፈሳል፣ አለቀ። ፊደሉም ትእዛዙም ተቀላቅሎ በአንድ መስመር ይሄዳል።

እስቲ ከአንድ የክሊፐር ሪፖርት ምን እንደሚወጣ ጠጋ ብለን እንየው። መጀመሪያ ባይት 27፣ ቀጥሎ የ@ ምልክት ይመጣል፤ ይህ ለኤፕሰን ፕሪንተር «ራስህን ሪሴት አድርግ» ማለት ነው። ከዚያ ባይት 15 ይመጣል፣ ፊደሉ ይጠባል፣ 132 ዓምድ ወረቀቱ ላይ እንዲገባ። ከዚያ ርእሱ፣ ከዚያ መስመር በመስመር መዝገቡ፣ በየመስመሩ መጨረሻ 13 እና 10። ገጹ ሲያልቅ 12 ይላካል፣ ወረቀቱ ይወጣል። ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው እነዚህን ቁጥሮች ሲኤችአር በሚባለው፣ ቁጥርን ወደ ባይት በሚቀይረው ትእዛዝ ኮዱ ውስጥ ቀርቅሯቸው ሄዷል፣ ምናልባት ያኔ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን አንድ ፕሪንተር ብቻ እያሰበ።

ሊኑክስ ላይ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ከ1999 ጀምሮ ያለው ካፕስ የሚባለው የሕትመት ሥርዓት የሚጠብቀው ሙሉ ፋይል ነው። ፋይሉን ይቀበላል፣ ዓይነቱን ይገምታል፣ እንደ ፒዲኤፍ ወዳለ ነገር ይቀይረዋል፣ ከዚያ ፕሪንተሩ ወደሚገባው ቋንቋ ይተረጉመዋል። ከላይ ያየነው የባይት ጎርፍ ሲመጣበት ተራ ጽሑፍ ይመስለውና ሊያሳምረው ይሞክራል። ያኔ ጉድ ይፈላል። የጠበበው ፊደል ወደ መደበኛው ይመለሳል፣ ዓምዶቹ ይተራመሳሉ፣ ከትእዛዙ የተረፉ ቁጥሮችና ፊደሎች ገጹ ላይ ጣል ጣል ብለው ይታያሉ፣ የሠንጠረዡ መስመሮችም ወደማይታወቅ ምልክት ይቀየራሉ። የመስመሮቹ ምክንያት ለብቻው ነው፤ ፕሮግራሙ የሚጽፈው ኮድ ፔጅ 437 በሚባለው የድሮ የፊደል ሰንጠረዥ ሲሆን ሊኑክስ ዩቲኤፍ-8 የሚባለው የዛሬው ሰንጠረዥ ነው ብሎ ያነበዋል።

ስለዚህ ጥያቄው ሁለት ነው። ባይቱን ማን ይቀበለዋል? የተቀበለውስ ይገባዋል ወይ? እነዚህን ሁለቱን ሳይለዩ ቅንብር መነካካት ቀን ከመፍጀት በቀር ጥቅም የለውም።

መቀበሉ ቀላሉ ክፍል ነው። ዶስኢሙ የቅንብር ፋይሉ ላይ ኤልፒቲ1 የትኛውን የሊኑክስ ትእዛዝ እንደሚጠራ የሚወስን መስመር አለው፤ እዚያ ላይ ኤልፒአር የሚባለው የሕትመት ትእዛዝ ከነ«ሰረዝ ኤል» (lpr -l) ይጻፋል። ያቺ ኤል ትንሽ ብትመስልም ሥራው ያለው እሷ ላይ ነው፣ ለካፕስ «እንዳለ አሳልፈው፣ አትንካው» የምትለው እሷ ናት። ዋናው ዶስቦክስ ግን ለጨዋታ የተሠራ ስለሆነ ፕሪንት የሚባል ነገር የለውም። ዶስቦክስ-ኤክስ የሚባለው ቅርንጫፍ አለው፤ ኤልፒቲ1ን ከፋይል፣ ከእውነተኛ ፖርት ወይም በሶፍትዌር ከተሠራ የኤፕሰን አምሳያ ጋር ማገናኘት ይችላል።

አንድ ጣጣ ግን እዚህም አለ። የዶስ ፕሮግራም «ጨረስኩ» አይልም። ማፍሰሱን ያቆማል፣ በቃ። ኢሙሌተሩ የሚያውቀው ለተወሰነ ሴኮንድ ምንም ካልመጣ አልቋል ብሎ በመገመት ነው፣ ሴኮንዱም ቅንብሩ ላይ ይሞላል። ካሳጠራችሁት በየገጹ መሃል ቆም ብሎ የሚያሰላ ረጅም ሪፖርት ለሁለት ይቆረጣል። ካረዘማችሁት ደግሞ ተጠቃሚው ምንም ስላልወጣ ቁልፉን ደጋግሞ ይጫንና በኋላ ሦስት ኮፒ ይደርሰዋል። ሁለተኛው ስህተት ይሻላል ባይ ነኝ፣ ወረቀት ቢባክንም የሪፖርቱ ቁጥር አይዛባም።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ስንመጣ፣ ፕሪንተሩ ኤፕሰን ወይም የኤፕሰንን ትእዛዝ የሚቀበል ዶት ማትሪክስ ከሆነ ዕድለኛ ናችሁ፣ በዩኤስቢ ቢሰካም እንኳ ባይቱ እንዳለ ከደረሰ ሥራው አልቋል። ሌዘር ከሆነ ግን ቋንቋው ሌላ ነው፣ ብዙዎቹ የሚሰሙት ፒሲኤል የሚባለውን ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች አንዳንዴ በአንድ ቃል የተለያየ ነገር ይላሉ። ባይት 27 እና 69 አንድ ላይ ኤፕሰን ላይ ፊደል ያደምቃሉ፤ ፒሲኤል ላይ ፕሪንተሩን ሪሴት ያደርጋሉ፣ የተጀመረ ገጽ ካለም ያስወጡታል። እንግዲህ ገጽ መሃል ላይ «ጠቅላላ ድምር» የሚለውን ሊያደምቅ የፈለገ ፕሮግራም ወረቀቱን ለሁለት ከፍሎት ቁጭ። የገጹም ልክ አይገጥምም፤ የድሮ ሪፖርት 11 ኢንች ወረቀት ላይ በኢንች 6 መስመር አስልቶ 66 መስመር ይልካል፣ ፒሲኤል ሌዘር በዚያው ወረቀት ላይ በተለምዶ የሚይዘው 60 ነው። የተረፈችው ስድስት መስመር ቀጣዩ ወረቀት ላይ ብቻዋን ትወጣለች።

ርካሽ የሆኑት፣ ሥራውን ሁሉ ኮምፒውተሩ ላይ የሚጥሉት ሌዘሮች ደግሞ ከነጭራሹ የራሳቸው የጽሑፍ ቋንቋ የላቸውም። ለእነሱ ጥሬ ባይት መላክ ከንቱ ድካም ነው። መሃል ላይ አስተርጓሚ ያስፈልጋል፦ ፕሮግራሙ የሚያወጣው ኤፕሰን ከሆነ የዶስቦክስ-ኤክስ አምሳያ፣ ፒሲኤል ከሆነ ጎስትፒሲኤል፣ ትእዛዝ የሌለው ንጹህ ጽሑፍ ከሆነ በአይኮንቭ ከ437 ወደ ዩቲኤፍ-8 መቀየር ብቻ።

የትኛው እንደሆነ እንዴት ይታወቃል? ባይቱን ፋይል ላይ አስቀምጣችሁ በማየት። ፎክስፕሮም ክሊፐርም «ሴት ፕሪንተር ቱ» በሚለው ትእዛዝ የፋይል ስም ብትሰጧቸው ሪፖርቱን እዚያ ይጽፉታል። ፋይሉን ባይቱን በቁጥር በሚያሳየው ሄክስደምፕ ክፈቱትና 27ን ፈልጉ፤ በሄክስ 1ቢ ሆኖ ነው የሚታየው። ቀጥሎት @ ካለ ኤፕሰን ነው፣ የ& ምልክት ወይም ቅንፍ ከበዛ ፒሲኤል መሆኑ ነው፣ ጭራሽ 27 ከሌለ ሥራችሁ ግማሹ ተቃልሏል። ኮዱ እጃችሁ ላይ ካለ ቁጥሮቹን መቀየርም ትችላላችሁ፣ የክሊፐር ኮድ ከሆነ ሃርቦር በሚባለው ኮምፓይለር እዚያው ሊኑክስ ላይ ማጠናቀርም አለ፣ ያ ግን ሰፊ ሥራ ነው።

ካፕስ ያለ ድራይቨር የሚከፈተውን ጥሬ ወረፋ ወደፊት እንደሚያስቀረው ማስጠንቀቅ ከጀመረ ቆይቷል። ፕሪንተሩ ኔትወርክ ላይ ካለና ቋንቋውን የሚያውቅ ከሆነ ካፕስን ጨርሶ መዝለል ይቻላል፤ አብዛኞቹ የኔትወርክ ፕሪንተሮች ፖርት 9100 ላይ የመጣላቸውን ባይት እንዳለ ይቀበላሉ። ዶስኢሙ ላይ በኤልፒአር ፈንታ ባይትን በኔትወርክ የሚልከውን ኔትካትን ከፕሪንተሩ አድራሻና ከ9100 ጋር መጻፍ ይበቃል።