ጥፋቱ ሁሌ የድራይቨሩ ነው? የቨርችዋል ማሽን ዲስክና ኔትወርክ ላይ የሚነገሩ ስህተቶች

ቨርችዋል ማሽን (በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የሚሠራ ሌላ ኮምፒውተር) ውስጥ ዲስኩ ድንገት ቀጥ ሲል ወይም ኔትወርኩ ሲቆራረጥ መጀመሪያ የሚወነጀለው ድራይቨሩ፣ ማለትም ሲስተሙን ከዲስኩ ወይም ከካርዱ ጋር የሚያገናኘው ሶፍትዌር ነው። አንዳንዴ ልክ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ነገሩ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው።

«ኢ1000 የሚባለው የኔትወርክ ካርድ ሁሉም ሲስተም ስለሚያውቀው ይሻላል።» ለመጫን ቀላል ነው፣ አልክድም። ግን የድሮ የኢንቴል ካርድን በሶፍትዌር ማስመሰል ነው፤ ጌስቱ (ቨርችዋል ማሽኑ ውስጥ ያለው ሲስተም) ካርዱን በነካካ ቁጥር ሃይፐርቫይዘሩ (ቨርችዋል ማሽኖቹን የሚያስተዳድረው ሶፍትዌር) ጣልቃ መግባት አለበት፣ ፕሮሰሰር ይበላል፣ ጭነት ሲበዛ ያዘግማል። ቪርትአይኦ የሚባለው የዲስክና የኔትወርክ ካርድ አይነት የተሠራው ከመነሻው ለቨርችዋል ማሽን ነው፤ ሊኑክስ ከርነል ውስጥም ከ2008 ጀምሮ አለ። ቪኤምዌር ላይ ደግሞ ቪኤምኤክስኔት3 የሚባል የኔትወርክ ካርድ አለላችሁ።

«እሺ፣ ዲስኩን ወደ ቪርትአይኦ ቀይሮ ማስነሳት ነዋ!» ቆይ። ዊንዶውስ ድራይቨሩን ቀድሞ ካልጫነ የሚነሳበትን ዲስክ አያገኘውም፣ ሰማያዊ ስክሪን ይዞ ይቀራል። መላው ቀላል ነው፦ ዋናውን ዲስክ ሳትነኩ አንድ ትንሽ ዲስክ በቪርትአይኦ ጨምሩ፣ ማሽኑን አስነሱት፣ ድራይቨሩን ጫኑ፣ ትንሹ ዲስክ መታየቱን አረጋግጡ፣ ማሽኑን አጥፉት፣ ከዚያ ዋናውን ቀይሩ። ታዲያ የሁለቱ ዲስኮች አይነት አንድ ይሁን፤ የቪርትአይኦ ብሎክና የቪርትአይኦ ስካዚ ድራይቨር ይለያያሉ። ሊኑክስም ቢሆን ኢኒትራምኤፍኤሱ (ሲስተሙ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጫነው ትንሽ የፋይል ስብስብ) ውስጥ ድራይቨሩ ከሌለ አይነሳም። ኔትወርክ ካርድ ስትቀይሩም ዊንዶውስ አዲስ ካርድ ነው ብሎ ስለሚያስብ የሰጣችሁት ቋሚ አይፒ ከተደበቀው ከድሮው ካርድ ጋር ይቀራል። ከዚያ «ድራይቨሩ አይሠራም» ይባላል።

«ዊንዶውስ ሎግ ላይ ኢቨንት 129 ካየሁ ድራይቨሩ ተበላሽቷል።» ይሄኛው እኔንም ሸውዶኛል። አንድ ሌሊት ሙሉ ድራይቨር ስነቅልና ስተክል አድሬ፣ ጠዋት የሆስቱን (ቨርችዋል ማሽኑ ያለበትን ዋና ኮምፒውተር) ሎግ ስከፍት ለካ ዲስኩ የሚቆመው ባክአፑ በጀመረ ቁጥር ነው። መልእክቱ የሚለው ይህን ብቻ ነው፦ ጥያቄ ልኬ ጠበቅኩ፣ መልስ ስላጣሁ ሪሴት አደረግኩ። መልስ ያዘገየው ከሥር ያለው ስቶሬጅ ሊሆን ይችላል፤ የሚሞት ዲስክ፣ የሞላ ስቶሬጅ፣ ስናፕሾት (በአንድ ቅጽበት የተያዘ የዲስክ ሁኔታ) እየጠቀለለ ያለ ሆስት። ሊኑክስ ላይ የስካዚ ዲስክ በተለምዶ የሚጠብቀው 30 ሰከንድ ነው። ስለዚህ የጌስቱንና የሆስቱን ሰዓት አስተያዩ። እርግጥ ችግር ያለበት የድራይቨር ስሪትም ያጋጥማል፣ ግን እሱን ለመፈተሽ ስሪቱን ብቻ ቀይሩ እንጂ ካሹንም፣ የዲስኩን አይነትም፣ ሁሉንም በአንዴ አትነካኩ።

«ቲሲፒደምፕ (የኔትወርክ ፓኬቶችን ይዞ የሚያሳይ ፕሮግራም) ቼክሰም (የፓኬቱ መፈተሻ ቁጥር) ስህተት ነው ካለ ፓኬቱ ተበላሽቷል።» በላኪው በኩል ከሆነ የያዛችሁት አትደንግጡ። ኦፍሎድ ሲበራ ቼክሰሙን የማስላት ሥራ ለካርዱ ስለሚተው ቲሲፒደምፕ የሚያየው ገና ያልተሞላ ቁጥር ነው። ተቀባዩ ጋ ያዙት። እዚያም ከተበላሸ ለሙከራ ኦፍሎዱን አጥፉና እዩ።

ዊንዶውስ የካርዱን ፍጥነት «10 ጊጋቢት» ብሎ ማሳየቱስ? የተጻፈ ቁጥር ነው፣ ፍጥነቱን ለክታችሁ እወቁ።

«ራይትባክ ካሽ (የሚጻፈውን መጀመሪያ ሆስቱ ሜሞሪ ላይ አቆይቶ በኋላ ዲስክ ላይ የሚያሰፍረው) ዳታ ያጠፋል።» ጌስቱ «እስካሁን ያለውን ዲስክ ላይ አስፍር» ብሎ ሲያዝ ራይትባክ ይታዘዛል፣ ያንን ትእዛዝ በጆሮ ዳባ ልበስ የሚያልፈው አንሴፍ («ዋስትና የሌለው») የሚባለው የካሽ አይነት ነው። መብራት ቢጠፋ የሚያስለቅሳችሁም እሱ ነው፤ ስሙ ራሱ እየነገራችሁ።