ዋልነት ምንድን ነው? ቀብረነውስ ይበቅላል?

ዋልነት ሲባል ብዙዎቻችን የለውዝ ዓይነት ይመስለናል። ግን ዝምድና እንኳ የላቸውም። ለውዝ ከአፈር ሥር የሚያፈራ፣ የባቄላና የአተር ወገን የሆነ ትንሽ ተክል ነው። ዋልነት ግን ግዙፍ ዛፍ ነው፤ ከተመቸው 25 ሜትርና ከዚያም በላይ ይረዝማል፣ ከ100 ዓመት በላይ ይኖራል። ፍሬው በአረንጓዴ ልጣጭ ተሸፍኖ ያድጋል። በልጣጩ ውስጥ እንደ እንጨት የጠነከረ ቅርፊት አለ። ቅርፊቱን ሲሰብሩት ለሁለት የተከፈለ፣ ጭምድድ ያለ ነገር ይወጣል። ቁርጥ አንጎል! ድሮ አውሮፓ ውስጥ በዚሁ መልኩ የተነሳ ለራስ ሕመም ፈውስ ነው ብለው ያምኑ ነበር።

«ዋልነት» የሚለው ቃል በጥንታዊው እንግሊዝኛ «የባዕድ ፍሬ» እንደ ማለት ነው። ባዕድነቱ እውነት ነው። ዛሬ «የእንግሊዝ ዋልነት» የሚባለው እንኳ የእንግሊዝ አይደለም፤ የጥንት አገሩ ከፋርስ እስከ መካከለኛው እስያ ያለው ምድር ነው። ኪርጊስታን ውስጥ አርስላንቦብ በሚባል አካባቢ ዛሬም ሰፊ የዋልነት ጫካ አለ፤ ፍሬው ሲደርስ ሰዉ ቤተሰቡን ይዞ እየገባ ይለቅማል። ወደ ምዕራብ አውሮፓ ያዳረሱት ሮማውያን ናቸው። ካሊፎርኒያ ያደረሱት ደግሞ የስፔን ሚስዮናውያን፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ።

እዚያ ግን ነገሩ ወዲያው አልሰመረም። ዋልነት የብርዱን ወቅት ተኝቶ የሚያሳልፍ ዛፍ ነው። ብዙዎቹ ዝርያዎች ከ7 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዓታት ካልበረዳቸው በቅጡ አይነቁም። ከነቁ በኋላ ደግሞ ያንኑ ብርድ አይችሉም፤ አንድ ሌሊት የሚጥል ውርጭ ለጋውን ቅጠልና አበባ አቃጥሎ የዓመቱን ምርት ይዞት ይሄዳል። ብርድ ካጣ ችግር፣ ብርድ ካገኘ ችግር። መላውን ካመጡት ሰዎች አንዱ ፌሊክስ ጂሌ ነው። ይህ ፈረንሳይ የተወለደ ሰው እ.ኤ.አ. በ1871 ኔቫዳ ሲቲ በምትባል የካሊፎርኒያ ከተማ የችግኝ ጣቢያ ከፈተ። ከአገሩ ያስመጣቸው ዝርያዎች ዘግይተው የሚያቆጠቁጡ ነበሩ። ውርጩ ካለፈ በኋላ ነው የሚነቁት። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ለገበያ የሚመረተው ዋልነት ከሞላ ጎደል ሁሉም የካሊፎርኒያ ነው። በዓለም ደረጃ ግን ቀዳሚዋ ቻይና ናት።

እና ከሱቅ የገዛነውን ብንቀብረውስ? ያልተፈለፈለ፣ ያልተቆላና ያላረጀ ከሆነ ሊበቅል ይችላል። ዘሩም እንደ ዛፉ ብርድ ይፈልጋል፤ እርጥበት ባለው አሸዋ ውስጥ ሦስት ወር ያህል በቅዝቃዜ መቆየት አለበት። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ከዘር የበቀለ ዛፍ እናቱን ላይመስል ይችላል። ትልቅና ጣፋጭ ፍሬ ዘርተህ ትንሽ፣ ቅርፊቱ አልሰበር የሚል ፍሬ ልትለቅም ትችላለህ። ይህን የምታውቀው ደግሞ ስምንት፣ አሥር ዓመት ጠብቀህ ነው። እኔ በበኩሌ ይህን ያህል ትዕግሥት የለኝም።

ስለዚህ ገበሬዎች ከዘር አያበቅሉትም። ፍሬው ከታወቀ ዛፍ ቀንበጥ ቆርጠው በሌላ ጠንካራ ሥር ላይ ያጋቡታል። እንዲህ ያለው ከአራት ወይም ከአምስት ዓመት በኋላ ማፍራት ይጀምራል። ለሥርነት ዝናው የናኘው ፓራዶክስ የሚባለው ነው፤ ዕውቁ ዕፅዋት አዳቃይ ሉተር ቡርባንክ ጥቁር ዋልነት የሚባለውን ሌላ የዋልነት ዓይነት ከተለመደው ጋር አዳቅሎ ያገኘው ነው።

አንድ ዛፍ ብቻ መትከልም ብዙ ጊዜ አይበቃም። ወንዴና ሴቴ አበቦቹ አንድ ዛፍ ላይ ናቸው፣ ግን ይተላለፋሉ። አንደኛው ብናኙን ሲያራግፍ ሌላኛው ገና አልተዘጋጀም፣ ወይም ጊዜው አልፎበታል። ብናኙን የሚያደርሰው ንፋስ ስለሆነ፣ ሰዓቱ የሚገጥም ሌላ ዝርያ በቅርብ መኖር አለበት። በዛፎቹ መካከል ስምንትና አሥር ሜትር ይተዋል። አፈሩ ጥልቅ ይሁን፣ ውኃ አይተኛበት።

ጎረቤትም አይወድም። ጃግሎን የሚባል ኬሚካል ያመነጫል፤ በተለይ ጥቁር ዋልነት ሥር ቲማቲም የተከለ ሰው ሲጠወልግበት ሊያይ ይችላል።

ጥቅሙን በተመለከተ፣ ፍሬው 65 በመቶ ያህሉ ስብ ነው። ይህ ሊያስደነግጥ አይገባም፤ አብዛኛው ጥሩው ዓይነት ነው፣ ከዕፅዋት የሚገኘው ኦሜጋ 3ም በደንብ አለበት። አንድ እፍኝ፣ 28 ግራም ገደማ፣ 185 ካሎሪ ይሰጣል። የዋልነት አለርጂ ያለባቸው ሰዎች ግን በጭራሽ ሊነኩት አይገባም። ከፍሬው ዘይት ይጨመቃል። አረንጓዴው ልጣጭ እጅን ቡናማ አድርጎ ያቀልማል፣ በሳሙናም ቶሎ አይለቅም፤ ለጨርቅና ለጸጉር ማቅለሚያነት የዋለውም ለዚሁ ነው። ቅርፊቱ እንኳ አይጣልም፣ ተፈጭቶ ብረት ማጽጃ ይሆናል። ጣውላው ውድ የቤት ዕቃ ይሠራበታል። የጠመንጃ ሰደፍ ሠሪዎችም አጥብቀው ይፈልጉታል፤ ጠንካራ ነው፣ ደርቆም ቅርጹን አይቀይርም።

ስቡ ብዙ ስለሆነ ቶሎ ይበላሻል። የተፈለፈለ ዋልነት ገዝተህ የቆየ ቀለም የሚሸት ከሆነ አልፎበታል፤ ጣለው። ከነቅርፊቱ ያለው ይቆያል። የተፈለፈለውን በታሸገ ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጠው።