«ትንሽ ኪቦርድ የጌመር ነው» እና ሌሎች የማይሞቱ ወሬዎች

የእህቴ ልጅ ባለፈው ክረምት አንዲት ትንሽ ሜካኒካል ኪቦርድ (እያንዳንዱ ቁልፍ ሥር የራሱ ስዊች ያለበት) ይዞ ቤቴ መጣ። «ጋሼ፣ ቀኑን ሙሉ ስትጽፍ ነው የምትውለው፤ እስቲ ይቺን ሞክራት» አለኝ። ሞከርኳት። «ጥያቄ» ብዬ ልጽፍ ስል ከርሰሩ ዘልሎ ላይኛው መስመር ላይ ወጣና ባለቀ ዓረፍተ ነገር መሃል አንድ «ት» ጣለልኝ። ልጁ በሳቅ ፈነዳ። እኔ ግን ነገሩ አልለቀቀኝም። ከዚያ ወዲህ ሦስት ኪቦርድ ቀያይሬያለሁ። ቀን አማርኛ እጽፍባቸዋለሁ፤ ማታ ከልጁ ጋር ካውንተር ስትራይክ የሚባለውን የተኩስ ጨዋታ እጫወትባቸዋለሁ (ሁሌም እሸነፋለሁ)። በዚህ መሃል ከሻጭም ከጓደኛም የሰማሁት ምክር ብዙ ነው። ግማሹ ስህተት ነው።

«ትንሽ ኪቦርድ የጌመር ፋሽን ነው»

ጌመሮች መብራት ለጠፉበት እንጂ ነገሩን የጀመሩት እነሱ አይደሉም። ኤይቲ ዋዳ የተባሉ ጃፓናዊ የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቅ ከፒኤፍዩ ኩባንያ ጋር ሆነው «ሃፒ ሃኪንግ ኪቦርድ»ን ለገበያ ያበቁት በ1996 እ.ኤ.አ. ነው። የታሰበው ለፕሮግራመር ነበር። ቁልፎቹ 60 ብቻ ናቸው፤ ቀስት የለው፣ የቁጥር ክፍል የለው። የመጀመሪያው ሞዴል ጭራሽ ሜካኒካልም አልነበረም።

ለጌመር የሚጠቅመው ለማውዙ ቦታ ስለሚለቅ ነው። ሙሉው ኪቦርድ ወርዱ 44 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። 60 ፐርሰንት የሚባለው ትንሹ ደግሞ 30 አይሞላም። ያቺ 15 ሳንቲም ለተኳሽ ማውዝ መወርወሪያ ትሆነዋለች። ለጸሐፊም ትጠቅማለች። የቀኝ እጅ ማውዝ ፍለጋ ሩቅ አይሄድም፤ ማታ ትከሻ ሲቆረጥም ልዩነቱ ይታወቃል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ሜካኒካል ኪቦርድ ከላፕቶፕ ኪቦርድ በጣም ከፍ ይላል። የኋላ እግሮቹን ዘርግታችሁ ካቆማችሁት አንጓችሁ ወደ ላይ ይታጠፋል። እግሮቹን እጠፏቸው።

«ቁልፎቹ ትንንሽ ስለሆኑ ጣቴ አይገባም»

ትንንሽ አይደሉም። ከአንዱ ፊደል መሃል እስከ ቀጣዩ መሃል ያለው ርቀት በትልቁም በትንሹም 19 ሚሊሜትር ገደማ ነው። የተቀነሰው የቁልፍ ብዛት ነው እንጂ የፊደሎቹ ስፋት አይደለም። ማስመሪያ ይዛችሁ ሱቅ ግቡ፤ ሻጩ ይገረማል፣ እናንተ ግን ታረጋግጣላችሁ።

«60 ሆነ 65፣ ኮምፓክት ያው ኮምፓክት ነው»

እኔን የበላኝ ይሄኛው ነው። ስለዚህ ረዘም ላድርገው።

ፐርሰንቱ የቁልፉን ብዛት በግምት የሚናገር የገበያ ቋንቋ ነው። ሙሉው የአሜሪካ አሠራር 104 ቁልፍ አለው። የቁጥሩን ክፍል ብቻ ሲቆርጡት 87 ይቀራል፤ ቲኬኤል የሚሉት እሱን ነው። 75 ፐርሰንት የሚባለው 84 አካባቢ ሆኖ ሁሉም ተጠጋግቶ ይቀመጣል። 65ቱ ላይ የኤፍ ቁልፎች (ከኤፍ1 እስከ ኤፍ12) መስመር ይጠፋና 67 ወይም 68 ቁልፍ ይቀራል፤ ቀስቶቹ ግን አሉ። 60ው 61 ቁልፍ ነው፤ ቀስትም የለው። ቀስት ሲያስፈልጋችሁ ኤፍኤን የሚባለውን ይዛችሁ ሌላ ፊደል ትጫናላችሁ። ኤክሴል ላይ ኤፍ2 እየነካ የሚውል ሰው 60 ከገዛ በሳምንቱ ይሸጠዋል። ጌመርም አያመልጥም። 60ው ላይ ኢስኬፕ የሚቀመጠው የካውንተር ስትራይክ ኮንሶል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) በሚከፈትበት ቁልፍ ቦታ ላይ ነው፤ ኮንሶል ለመክፈት ኤፍኤን መጨመር ግድ ይላል።

አማርኛ ለሚጽፍ ሰው ግን ዋናው ጉዳይ ሌላ ነው። ሺፍት።

«ጤና ይስጥልኝ» ብላችሁ ጻፉ። እኔ በምጠቀምበት ፎነቲክ አጻጻፍ (የአማርኛውን ድምፅ በእንግሊዝኛ ፊደል እየመቱ መጻፍ) ጠ ማለት ካፒታል ቲ ነው። ሐምስ ለማድረግ ካፒታል ኢ። «ይስጥልኝ» ላይ እንደገና ካፒታል ቲ። መጨረሻ ላይ ለኝ ካፒታል ኤን። ለአንድ ሰላምታ አራት ካፒታል! እንግሊዝኛ ጸሐፊ በአንድ ዓረፍተ ነገር አንዴ ሺፍት ነክቶ ያርፋል። እኛ በየቃሉ ነን። ጭ፣ ጽ፣ ዥ ሁሉም ሺፍት ይፈልጋሉ። አራት ነጥብ ራሷ ኮለን ሁለቴ ነች፤ ኮለን ደግሞ ያለ ሺፍት አይመጣም።

አሁን ጣታችሁን ተመልከቱ። ቲ እና ኢ በግራ እጅ የሚመቱ ናቸው። ታይፕ በወጉ የተማረ ሰው በግራ እጁ ፊደሉን ሲመታ ሺፍቱን የሚይዘው በቀኝ ትንሿ ጣት ነው። ስለዚህ ለአማርኛ ጸሐፊ የቀኙ ሺፍት ጌጥ አይደለም። በትልቁ ኪቦርድ ላይ ይሄ ቁልፍ 5 ሳንቲም ይረዝማል። 65 እና 75 ላይ ለቀስቶቹ ቦታ ለመልቀቅ ወደ 3 ሳንቲም ከምናምን ያጥራል። ልጁ ያመጣት ደግሞ 64 ቁልፍ ያላት ነበረች፤ 60 የሚያህል ቦታ ውስጥ ቀስት የጠቀጠቁባት። እሷ ላይ የቀኙ ሺፍት እንደ ማንኛውም ፊደል 2 ሳንቲም አይሞላም። ጎኑ የተቀመጠው ወደ ላይ የሚያወጣው ቀስት ነው። ትንሿ ጣቴ በልማድ ስትዘረጋ ሺፍቱን አልፋ ቀስቱን መታች። ከርሰሩ ወጣ፣ ጥ መሆን የነበረባት ት ሆነች። ያ ነው ታሪኩ።

የሚገርመው፣ ከሁሉም የምታንሰው ባለ 61 ቁልፏ ላይ የቀኙ ሺፍት ሙሉ ነው፤ ቀስት የላትማ። እኔ በመጨረሻ 65 ላይ ረጋሁ። ያጠረውን ሺፍት ለመልመድ ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል። መልመድ የማይፈልግ ሰው ቲኬኤል ይግዛ፤ ሺፍቱም ቀስቱም ሙሉ ነው። ሒሳብ ሠራተኛ ከሆናችሁ ደግሞ የቁጥሩ ክፍል ለብቻው ይሸጣል። በግራ በኩል አስቀምጡት፤ ቀኝ እጅ ለማውዝ ይቀራል።

«ቀይ ለጌም፣ ሰማያዊ ለጽሑፍ»

ይሄን የማይል ሻጭ አላጋጠመኝም። ከቁልፉ ሥር ያለችው ስዊች ቀለም ያወጣላት የጀርመኑ ቼሪ ነው። ቀዩ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ምንም ጉብታ የለው፣ 45 ግራም ገደማ ግፊት ይበቃዋል። ሰማያዊው ጠንከር ይላል፣ መሃል ላይ ይጎብጥና «ቀጭ» ይላል። ቡናማው ይጎብጣል፣ ቀጭ አይልም። ሁለት ሚሊሜትር ያህል ሲወርዱ ፊደሉ ይመዘገባል፤ እስከ ታች 4 ሚሊሜትር ነው።

ሰማያዊው ለጌም አይመችም የሚሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ፊደሉ የሚለቀቅበት ነጥብ ከሚመዘገብበት ከፍ ያለ ስለሆነ አንዱን ቁልፍ ደጋግሞ በፍጥነት ለመምታት ጣት ብዙ መነሳት አለበት። ጽሑፍ ላይ ግን ቀይ አይሆንም የሚል ሕግ የለም። እኔ በቀይ ነው የምጽፈው። ጣቱ ከባድ የሆነ አንድ ጓደኛዬ ደግሞ ቀዩ ላይ እጁ ባረፈ ቁጥር ፊደል ያመልጠዋል፤ በቡናማ ይጽፋል፣ በቡናማ ይጫወታል።

ደግሞ ቀለሙ ቃል ኪዳን አይደለም። የቼሪ ፓተንት ካበቃ ወዲህ ካይል፣ ጌትሮን፣ አውቴሙ እያሉ ብዙዎች ተመሳሳዩን ሠርተዋል፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቡናማ በአመዛኙ ይስማማሉ። ከዚያ ውጭ ገበያው ድብልቅልቅ ያለ ነው። የጌም ዕቃ የሚሠራው የራዘር ኩባንያ አረንጓዴ ቀለል ያለ ቀጭ ባይ ነው፤ የቼሪ አረንጓዴ 80 ግራም የሚጠይቅ ጡንቻ ማሠሪያ ነው። «አረንጓዴ ነው» ብቻ ካሏችሁ የማን አረንጓዴ ብላችሁ ጠይቁ።

«ሜካኒካል ከገባ ቤት ውስጥ አይተኛም»

ሰማያዊ ከሆነ አዎ፣ አይተኛም። ሌላው ላይ ጫጫታው በአብዛኛው ከስዊቿ አይመጣም። ጣት ቁልፉን እስከ ታች ሲያላትመው ነው የሚጮኸው። ባዶ የፕላስቲክ ሳጥን እንደ ከበሮ ያስተጋባዋል። ረጃጅም ቁልፎች ሥር ያሉት ሽቦዎችም ቅባት ካላገኙ ይንኳኳሉ፤ ስፔስ ባሩን ብቻ መታ መታ አድርጋችሁ ስሙት። እኔ ከሥሩ አሮጌ ፎጣ አጥፌ አነጠፍኩ። ሚስቴ ነቅታ መውቀሷን ተወች።

«ሜካኒካል ስለሆነ ፈጣን ነው፤ ታሸንፋለህ»

የድሮ የቢሮ ኪቦርድ ለኮምፒውተሩ በሰከንድ 125 ጊዜ ይናገራል፤ ቢዘገይ 8 ሚሊሰከንድ ነው። የጌሙ 1000 ጊዜ፣ ማለትም በ1 ሚሊሰከንድ። ካርቶኑ ላይ 8000 የሚል ካያችሁ 1 ሚሊሰከንዷ የበለጠ ተከፋፈለች ማለት ነው። ከአዲስ አበባ አውሮፓ ያለ ሰርቨር ላይ የሚጫወት ሰው ፒንጉ (መልእክት ሰርቨሩ ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ) ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ ነው። ሒሳቡን እናንተ ሥሩት። ለልጁ ነግሬዋለሁ፣ አልሰማኝም።

እውነተኛ ለውጥ ያመጣው ሌላ ነገር ነው። ሆል ኢፌክት የሚባሉት ኪቦርዶች በብረት ንክኪ ፈንታ በማግኔት ይሠራሉ። ቁልፉ የት ድረስ እንደወረደ በየቅጽበቱ ያውቃሉ፤ ጣት ትንሽ ከፍ እንዳለች ፊደሉ ይለቀቃል። የሆላንዱ ዉቲንግ ነው ስም ያሰጠው። ለሚቆምና ለሚተኩስ ተጫዋች ይሄ ይታወቃል። ለጽሑፍ ምንም አይጨምርም፤ እንዲያውም በጣም ስስ አድርጋችሁ ካስተካከላችሁት ስህተት ያበዛል። አንዳንዱ ነገር ደግሞ ከጨዋታ ያስወጣል። ራዘር በ2024 እ.ኤ.አ. ስናፕ ታፕ የሚባል ነገር አመጣ፤ የግራና የቀኝ መሄጃ ቁልፎች አብረው ሲያዙ የኋለኛው ብቻ እንዲቆጠር ያደርጋል። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ የጨዋታው ባለቤት ቫልቭ በካውንተር ስትራይክ 2 ሰርቨሮቹ ላይ ከለከለው።

«ያለ ገመድ ጌም አይሆንም»

በብሉቱዝ ከሆነ እውነት አለው። በራሱ ትንሽ የዩኤስቢ መቀበያ የሚሠራው ግን ለእኔና ለእናንተ ደረጃ ከገመድ አይለይም። ሁለቱንም የያዘ ግዙ፤ ብሉቱዙ ለስልክ ይሁን።

«ፊደል ያልታተመበት ለአማርኛ አይሆንም»

ፊደሉ ያለው ሶፍትዌሩ ውስጥ ነው። ከዱባይ ዐረብኛ የታተመበት ቢመጣላችሁም ያው ነው። ከጀርመን የሚላከው ግን ያናድዳል። ዜድ እና ዋይ ቦታ ተለዋውጠዋል፣ የግራው ሺፍትም አጥሮ ጎኑ ሌላ ቁልፍ ተጨምሯል። ሠፈራችን ማመልከቻ የምትጽፍ ልጅ አለች። ኪቦርዷ ላይ አንድም የሚነበብ ፊደል የለም፤ ሁሉም ተልጦ የኤ ቁልፍ እንደ መስታወት ያበራል። ባለጉዳዩን ዓይን ዓይኑን እያየች ትጽፋለች። እንዲህ የሚያንጸባርቀው ኤቢኤስ የሚባለው ፕላስቲክ ነው። ፒቢቲው ሸካራነቱን ረዘም ላለ ጊዜ ይይዛል፤ ምርጫ ካላችሁ እሱን ያዙ።

«ሜካኒካል አይበላሽም»

ቼሪ ለአንዳንድ ስዊቾቹ 100 ሚሊዮን ምት ይላል። ስኳር የገባበት ሻይ ግን አንድ ምት ይበቃዋል። እኔ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ሦስት አራት ስዊች መጣበቅ ጀመረ፤ አንዴ ስመታ «ለለ» እያለ ሁለቴ ይጽፋል። ደግነቱ ሆት ስዋፕ የሚባለው ነው፤ ስዊቹ ያለ ብየዳ በመንቀያ ተነቅሎ ይቀየራል። ስትገዙ ይሄ መኖሩን ሳታረጋግጡ ብር እንዳታወጡ። ሲቀየርም የማግኔቱ በማግኔት ቦርድ፣ የተራው በተራ ነው፤ አይቀላቀሉም።

እህቴ ከቨርጂኒያ አንድ ሙሉ ከረጢት አዲስ ስዊች ላከችልኝ። አልገባ አለ። ለካ ባለ አምስት እግር ናቸው፤ የእኔ ቦርድ ደግሞ የሚቀበለው ባለ ሦስት ብቻ። ሁለቱ ብረት፣ መሃል ያለው ወፍራሙ ፕላስቲክ፣ ከግራና ቀኝ ሁለት ቀጫጭን ፕላስቲክ። ቀጫጭኖቹ ለማደላደል እንጂ ለኤሌክትሪክ አይደሉም። የጥፍር መቁረጫ አመጣሁና ልጁን ጠራሁት። 68 ስዊች፣ 136 እግር። እሱ ሲቆርጥ እኔ ስሰካ እኩለ ሌሊት ሆነ፤ ጨዋታውም በዚያ ምሽት ቀረ።