«ያልሠራሁት ኃጢአት የለም» እና ሌሎች የምንሸሽባቸው ሰበቦች

ባለፈው ዓመት የፍልሰታ ጾም ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ግቢው ውስጥ ጥዱ ሥር አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። መስቀል ተሳለምኩና በአንድ ትንፋሽ «አባቴ፣ ያልሠራሁት ኃጢአት የለም» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። «ነፍስ ገድለሃል?»

«ኧረ አባቴ! በስመ አብ!»

«ታዲያ ያልሠራኸው አለ። የሠራኸውን ንገረኝ።»

ዝም አልኩ። ለካ ትሑት መስዬ ጥያቄውን ልዘለው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከንስሐ ስንሸሽ የምንደረድራቸውን ሰበቦች ልብ ብዬ መስማት ጀመርኩ። አብዛኞቹ የራሴም ነበሩ።

«ንስሐ በእኔና በፈጣሪዬ መካከል ነው፤ ሰው ምን አገባው?»

ግማሹ እውነት ነው፤ ይቅር የሚለው እግዚአብሔር ነው። ችግሩ ሰው ብቻውን ሲሆን ለራሱ ማድላቱ ነው። ዳዊትን ተመልከቱት። የኦርዮን ሚስት ወሰደ፣ ኦርዮንን አስገደለ፣ ሕፃኑም ተወለደ። እሱ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ዙፋኑ ላይ ነው። መጸለይ ስላልቻለ አይደለም፤ መዝሙረኛው ራሱ ነው። ነቢዩ ናታን መጣና የድሃውን አንዲት በግ ስለወሰደ ሀብታም ነገረው (2ኛ ሳሙኤል 12)። ዳዊት ቱግ አለ፣ ሞት ይገባዋል ብሎ ፈረደ። የሌላ ሰው ሲሆን ፍርዳችን እንዴት ጥርት ይላል! ናታን ያን ጊዜ «ያ ሰው አንተ ነህ» አለው። ለንስሐ የምንደግመው መዝሙር 50 በአርእስቱ ላይ ዳዊት ይህን የዘመረው ናታን ወደ እርሱ በመጣ ጊዜ መሆኑን ይናገራል። ያን ሁሉ እንባ ያመጣው የአንድ ሰው መምጣት ነው። ያዕቆብም በመልእክቱ (5፥16) «እርስ በርሳችሁ በኃጢአታችሁ ተናዘዙ» ያለው ለዚሁ ይመስለኛል።

በአማርኛችን «ጠያቂ» ሁለት ሰው ነው። አንዱ ሒሳብ የሚጠይቅ፣ ሌላው ታሞ የተኛን ሊያይ ብርቱካን ይዞ የሚመጣ። «ተጠያቂነት» ሲባል የመጀመሪያው ብቻ ስለሚታየን ነው የምንሸሸው።

«ንስሐ አባት ለክርስትናና ለፍትሐት ነው»

በብዙ ቤት እውነታው ይኸው ነው። ልጅ ክርስትና ሲነሣ እንጠራቸዋለን። ቤት ስንገባ ጠበል ይረጫሉ። ሰው ሲሞት ይፈታሉ። በመሀል ያለው ዕድሜያችን ግን አይነገራቸውም። ንስሐ ከሰባቱ ምስጢራት አንዱ ሆኖ ሳለ ንስሐ አባትን የድግስና የለቅሶ ሰው አደረግናቸው። ጥፋቱ የእኛ ብቻ አይደለም፤ አንድ ካህን ይህን ሁሉ የንስሐ ልጅ ይዞ ማንን በቅጡ ሊያውቅ ይችላል? ቢሆንም ደውሎ «አባቴ፣ ላገኝዎት እፈልጋለሁ» ማለት የእኛ ድርሻ ነው።

ቀኖናው፣ ማለትም ካህኑ ለንስሐው የሚያዝለት ነገር፣ የሚቀልለትን አባት እየፈለገ የሚቀያይርም አለ። ሐኪሙ ስኳር ቀንስ ስላለው ሐኪም የሚቀይር ሰው አውቃለሁ።

«ምስጢሬ ይወጣል»

ካህን በንስሐ የሰማውን ማውጣት አይፈቀድለትም። ይልቅ ለካህን የፈራነውን ቡና ላይ ለአምስት ሰው እናወራው የለ?

«አትፍረድ ተብሏል»

ይህች ጥቅስ አፍ መዝጊያ ሆናለች። ግን እዚያው ምዕራፍ ላይ ጥቂት ወረድ በሉ (ማቴዎስ 7፥5)። ጌታ አስቀድመህ ከዓይንህ ምሰሶውን አውጣ ይላል፤ አያይዞም ያን ጊዜ የወንድምህን ጉድፍ ለማውጣት አጥርተህ ታያለህ ይላል። ጉድፉ ይቅር አላለም። አወጣጡንም አሳይቷል፦ «ወንድምህም ቢበድልህ፥ ሄደህ አንተና እርሱ ብቻችሁን ሆናችሁ ውቀሰው» (ማቴዎስ 18፥15)። ካልሰማ አንድ ወይም ሁለት ሰው፣ ከዚያ ቤተ ክርስቲያን። እኛ ገልብጠነዋል። መጀመሪያ ቲክቶክ ላይ፣ ከዚያ ለጓደኞቹ፣ ባለጉዳዩ ራሱ የሚሰማው መጨረሻ ላይ ነው።

«እርስ በርስ መጠያየቅ የፕሮቴስታንቶች ነገር ነው»

ከኦርቶዶክስ ወዳጆቼ ደጋግሜ የሰማሁት ነው። እርግጥ እነሱ በዚህ ተፈትነዋል። በ1974 ዓ.ም. ደርግ የመሠረተ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን ሲዘጋ ምእመናኑ በየቤቱ በጥቂት በጥቂት እየተሰበሰቡ ቀጠሉ። 5 ሺህ ገደማ የነበሩት ሰዎች ደርግ ሲወድቅ ከ30 ሺህ በላይ ሆነው ወጡ። ጥቂት ሰው በሚሰበሰብበት ሳሎን ማን እንደቀረ ይታወቃል።

ግን የአያቶቻችን ጽዋ ማኅበርስ? በወር አንዴ፣ በ12 ለሚካኤል ወይም በ21 ለማርያም፣ በተረኛው ቤት ይሰበሰባሉ። ካህን አለ፣ ሙሴ የሚባል መሪ አለ። የቀረ ይጠየቃል። የተጣላ ካለ ይታረቃል፣ ያዘነ ይጽናናል። ዛሬ በአንዳንድ ማኅበር የሚጠየቀው ዶሮው ስንት እንደተገዛ ብቻ ሆኗል እንጂ ዕቃው በእጃችን ነበር።

«ያደገ ሰው ጠያቂ አያስፈልገውም»

ካህናትም ንስሐ አባት አላቸው። ጴጥሮስን ያህል ሐዋርያ አንጾኪያ ላይ ጳውሎስ ፊት ለፊት ተቃውሞታል (ገላትያ 2፥11)።

«ቀኖናዬን ከጨረስኩ አለቀ»

በዚህኛው ራሴው ተይዣለሁ። ያን ቀን ጥዱ ሥር በመጨረሻ የሠራሁትን መናገር ስጀምር፣ ከሥራ ባልደረባዬ ተበድሬ ሁለት ዓመት ያቆየሁትን 6 ሺህ ብር አነሣሁ። ቀኖና እስኪሰጡኝ ጠበቅኩ። ስግደት ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር፤ ከ6 ሺህ ብር ይቀላል። እሳቸው ግን «ዘኬዎስ ምን አለ?» አሉኝ። አራት እጥፍ እመልሳለሁ ማለቱን አስታወስኩ (ሉቃስ 19፥8)። «አንተ አንዱን እጥፍ መልስ። ስግደቱን ከዚያ እንነጋገራለን» አሉኝ። ቀኖና መድኃኒት ነው ሲባል ሰምቼ አውቃለሁ፤ በሽታው ያለበት ቦታ ላይ እንደሚደረግ ግን አላሰብኩም ነበር።

በሳምንቱ ስልኬ ጮኸ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

«ሰጠኸው?»

«ነገ ነው አባቴ።»

«ነገማ ባለፈው ሳምንትም ነበረ።»

የዚያኑ ማታ በቴሌብር ላክሁለት። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ባልደረባዬ ደወለ። «ይቺ የምን ብር ናት?» አለኝ።